ጠበቃው ያመጣው ውክልና

ሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ አምቦ

አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ያጠረብንን የግጦሽ መሬት ለማስመለስ ክልሉ ጠበቃ ቀጥሮልናል። ክፍያው የእነሱ፣ ከሳሽ መባሉ የእኛ። ጎረቤቴ ኦቦ ዲንቃ ደስታውን አልቻለውም። «ኦቦ ታደሰ፣ መንግሥት መንግሥትን ሊከስልን ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?» አለኝ። እኔ ግን ሃያ ዓመት ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ስጽፍ እንዲህ ያለ ቸርነት አላየሁም።

ዛሬ ጠበቃው የውክልና ወረቀት ሊያስፈርመን መጣ። ሌሎቹ ሳያነቡ ፈረሙ። እኔ ውክልና የማነበው ከታች ወደ ላይ ነው፤ ክፉው ነገር መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። እዚያው አገኘሁት። «ወካዮቹን ሳያማክር ክሱን ለማንሳትና ለመታረቅ» ይላል። ክልሉና ፌዴራሉ የታረቁ ዕለት ፍሪዳው የእኛ መሬት ሊሆን ነው።

«ይቺን መስመር ይሰርዙልኝና እፈርማለሁ» አልኩት።

«የተለመደ ፎርም ነው እኮ አባቴ» አለና ፈገግ አለ።

«የተለመደ ከሆነ ቢሰረዝ ምን ይጎዳል?»

ስልኩን ይዞ ወጣና ብዙ አወራ። ሲመለስ ፈገግታው የለም። «ላስፈቅድና ነገ እመጣለሁ» ብሎ ወረቀቱን ሰብስቦ ሄደ።

ማንን ነው የሚያስፈቅደው? ከሳሾቹ እንደሆንን ሁላችንም እዚያው ተቀምጠን ነበር።