የጭን አጥንቱ ቦይ

ኅዳር 9
ቀኑን ሙሉ ልኬት። ከመርሐቤቴ፣ ከጀማ ገደል የመጣውን የዳይኖሰር ጭን አጥንት ከሌላ አገር አጥንቶች ፎቶ ጋር ማስተያየት... ምልክቱ ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ። ሰንጠረዡ ሰማንያ አራት ምልክት አለው! ዓይኔ ሊፈስ ነው። ደግነቱ ከጉልበቱ በላይ አንዲት ቦይ አለችው። እንዲህ ያለች ቦይ ያለው አንድ የቅጠል በል ዳይኖሰሮች ወገን ብቻ ነው። የእኛም የዚያ ዘመድ ነው ማለት ነው። አማካሪዬ ዶክተር በዕውቀቱ ፈንጥዘዋል። ስለሱ የጻፍነው ጽሑፍ በታኅሣሥ ለመጽሔት ይላካል፣ እኔም በሱ እመረቃለሁ።

ኅዳር 16
ዓለም ከተማ አድሬ ጠዋት ገደሉን ወረድኩ። አጥንቱን ካገኙት ከጋሼ መኳንንት ጋር ቦታውን ለካን። ስንመለስ፣ "አጥንታችን ደህና ነው? እሱ ከሄደ ወዲህ ማጭዴ ዶልዱሞ ቀረ" አሉኝ።
ማጭድ?
ለካ አጥንቱ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ስለውበታል። ማጭዱንም፣ ካራውንም። በእጃቸው አሳዩኝ፣ ወደፊት፣ ወደኋላ... ልክ ቦይዋ ላይ።
ክው አልኩ። የት እንዳገኙት ሦስቴ ጠይቄያቸዋለሁ። ቤት ካስገቡት በኋላ ምን እንዳደረጉበት አንዴም አልጠየቅኩ። የመንዝ ልጅ ሆኜ! አባቴ ደጃፍ ያለው መሳያ ድንጋይ እንኳ እንደዚሁ ጎድጉዷል። ጥፋቱ የኔ ነው።

ኅዳር 18
በማጉያ መነጽር አየሁት። ቦይዋ የጥንቶቹን ስንጥቆች ቆርጣ አልፋለች። ከነሱ በኋላ የመጣች ናት፤ ጋሼ እውነታቸውን ነው። ሰንጠረዡ ላይ የቦይዋን አንድ ወደ ዜሮ ቀየርኩት። አጥንቱ ከዚያ ወገን ወጣ። ወደማን እንደሚጠጋ እንጃ።

ኅዳር 21
ዶክተር የገበሬ ወሬ ማስረጃ አይሆንም አሉ። ስንጥቆቹን አሳየኋቸው። አዩ። አይተውም፣ "ተይው፣ ማንም ልብ አይለውም።"
እኔ ልብ ብዬዋለሁ እኮ።
ካልሆነ ሌላ አማካሪ ፈልጊ አሉኝ... እሺ፣ እፈልጋለሁ። እኛ አገር ሰው ሊጋባ እንኳ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ለዚህ ሁሉ ሚሊዮን ዓመት አጥንት በካራ ጭረት ዘመድ ልፈልግለት?

ኅዳር 22
አላደርገውም። ቦይዋን አንድ ብዬ አልጽፍም።

ታኅሣሥ 4
እማ ከመሐል ሜዳ ደወለች። "ከትልቅ ሰው አትጋፊ። ተመረቂና ያኔ ትናገሪያለሽ።" ተመርቆ ያኔ የተናገረ ማንን አይታ ነው?

ታኅሣሥ 19
የትምህርት ክፍሉ መምህራን ፊት ቆምኩ። የበፊቱን ሰንጠረዥ የተሳሳትኩት እኔው ራሴ ነኝ አልኩ። ዶክተር በዕውቀቱ ከፊት ተቀምጠው፣ "ታዲያ የማን ዘመድ ነው ልትይን ነው?"
"አላውቅም" አልኩ።
ከሰዓት የዘንድሮ ተመራቂዎች ዝርዝር ተለጠፈ። ስሜ የለበትም። አለቀስኩ፣ ለምን እዋሻለሁ... ያረምኩት ሰንጠረዥ ላይ ግን ስሜ አለ። ቦይ፦ ዜሮ።