በባዶው መስመር ላይ የጻፍኩት ስም

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ ለዱዌይን፦

እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህ ተሻለው ወይስ ዛሬም ከጀልባ ስትወርድ ያጎብጥሃል? የአላስካ ብርድስ ለቀቅ አደረጋችሁ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ባሌ ግሌንም ደህና ነው፤ ውሻችን አርጅቶ ደረጃ መውጣት ስላቃተው ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነው፣ ሁለቱም እያቃሰቱ። አባዬም አለ። ደህና ነው ብዬ ልጽፍልህ ነበር፣ እጄ እምቢ አለኝ።

ከተነጋገርን ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ስልኩን ጆሮህ ላይ የዘጋሁት እኔ ስለሆንኩ መጀመሪያ መጻፍም የኔ ዕዳ ነው። ያን ቀን፣ ከምርጫው በፊት፣ "ሎርና፣ እልህሽን ለሌላ ጊዜ አቆዪው" ነበር ያልከኝ። እኔም አላስካ ተቀምጠህ የኛን ከተማ አታስተዳድር ብዬ ዘጋሁብህ።

እንደምታውቀው በዚያ ዓመት ፓርቲያችን ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። በአንድ ወገን እኛ የመስታወት ፋብሪካው ሠራተኛ ማኅበር ሰዎች፣ በሌላው ወገን ወጣቶቹ፣ አስተማሪዎቹና ነርሶቹ። ለካውንቲው ምክር ቤት ወንበር እኛ ራስል ግሪብን አቀረብን፣ እነሱ ኮሪን ታትልን። በጸደይ በተደረገው የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ኮሪን አሸነፈች። መሸነፉስ ባልከፋ፤ በማግስቱ አንዱ ጎረምሳቸው የማኅበራችን አዳራሽ በር ላይ ቆሞ "ሙዚየሙ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው?" ብሎ ሳቀብን። ራስል አርባ ዓመት እቶን ፊት የቆመ ሰው ነው። አንገቱን ደፍቶ ገባ። እኔ ግን ቂም ያዝኩ።

እኛም ብንሆን ደህና ሰዎች አልነበርንም። ካርታ እየተጫወትን "ያቺ ሕፃን" እያልን ስናማት ከረምን። መኸር ሲገባ ስሟ ያለበትን ሰሌዳ ግቢው ውስጥ የተከለ ከመሃላችን አንድ ሰው አልነበረም። በየቤቱ ዞሮ በር ማንኳኳት ድሮ የኛ ሥራ ነበር፤ በዚያ ዓመት ማንም አላንኳኳም።

አባዬ ያኔ በካውንቲው የአረጋውያን ቤት ነበር፣ ከኔ ቤት አምስት ደቂቃ። ቀኝ እጁ ስለማይታዘዝለት በፖስታ የሚመጣለትን የድምፅ መስጫ ወረቀት የምሞላለት እኔ ነበርኩ። ራስል ከውድድሩ መውጣቱን ስነግረው እንደኔ የሚናደድ መስሎኝ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት የማኅበሩን መታወቂያ ኪሱ ይዞ የኖረ ሰው ነዋ። እሱ ግን ከኮሪን ስም ጎን ያለውን ክብ አጥቁሪልኝ አለኝ። የሌላው ፓርቲ እጩ ይህን ቤት እሸጣለሁ እያለ ነው፣ ቤቱ ከተሸጠ በርናዴትን ከየት አመጣታለሁ አለ። በርናዴት በየጠዋቱ ፂሙን የምትላጭለት አስታማሚ ነበረች፤ በቤዝቦል ነገር ሲነታረኩ ነበር የሚያረፍዱት። እንዳለኝ አጠቆርኩለትና ፖስታውን አሽጌ ላክሁ።

የምርጫው ቀን ደግሞ ለራሴ ድምፅ ልሰጥ ወደ ምርጫ ጣቢያችን፣ ወደ እሳት አደጋው ቤት ሄድኩ። ወረቀቱ ላይ የኮሪን ስም አለ፣ የሰውዬው ስም አለ፣ ከታች ደግሞ ሌላ ሰው የፈለገ ስሙን የሚጽፍበት ባዶ መስመር አለ። እኔ ባዶው መስመር ላይ "ራስል ግሪብ" ብዬ ጻፍኩ። እንደማይቆጠር አውቃለሁ፤ ራስል ራሱ እባካችሁ እንዳታደርጉት ብሎን ነበር። ግን የዚያ ጎረምሳ ሳቅ ከጆሮዬ አልወጣም፣ ደግሞም ያለኔ ድምፅ ታሸንፍ የለ ብዬ ነበር። "መርጫለሁ" የሚለውን ተለጣፊ ደረቴ ላይ ለጥፌ በቀጥታ አባዬ ዘንድ ሄድኩ። ተለጣፊውን ሲያይ ደስ አለው።

ኮሪን በሠላሳ አንድ ድምፅ ተሸነፈች። ከኛ ሰዎች እንደኔ ያደረጉት ብዙ መሆናቸውን ቀስ በቀስ ሰማሁ፤ ሠላሳ አንዱን ከአዳራሹ ብቻ እንሞላው ነበር። ወጣቶቹ እስከ ዛሬ እኛን ይረግማሉ፣ እኛ ያንን ጎረምሳ እንረግማለን። አዲሱ ሰውዬ ወንበሩን ይዞ ዓመት ሳይሞላ ምክር ቤቱ ሁለት ለአንድ ወስኖ ቤቱን ሸጠ፤ የገዙት ሰዎች ዘጉት። ለአባዬ ቦታ ያገኘሁለት ከዚህ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። አሁን የማየው እሁድ እሁድ ብቻ ነው። ስደርስ ፂሙ አድጎ፣ ሾርባ ደርቆበት አገኘዋለሁ። ተቀምጬ እላጨዋለሁ፣ ግን እጄ የበርናዴት እጅ አይደለም፤ ሁለት ጊዜ ቆርጬዋለሁ።

ከሁሉ የባሰው በየእሁዱ እየላጨሁት የሚለኝ ነው። "በሠላሳ አንድ ድምፅ ብቻ! እኔና አንቺስ የድርሻችንን አድርገናል" ይለኛል። እኔም አዎ አባዬ እላለሁ። ስንት እሁድ እንዲህ እንዳልኩ ቆጥሬ አልጨርሰውም።

ባለፈው እሁድ አቃተኝ። ምላጩን አስቀምጬ የጻፍኩትን ስም ነገርኩት። ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዚያ ጨርሺልኝ አለኝ፤ ጨረስኩለት። ካፖርቴን ለብሼ ልወጣ ስል በደህናው እጁ እጅጌዬን ያዘ።

"ለዱዌይን እንዳትነግሪው" አለኝ። "እህቱን እንዲጠላት አልፈልግም።"

ይኸው ነገርኩህ። ብትጠላኝም እውነት አለህ፤ እኔ ራሴን ይቅር ማለት አልቻልኩም።

ባለቤትህን ናኔትን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን ጆናን፣ ትንሿን ቴሳንም በስማቸው እየጠራህ አክስታችሁን ናፍቃችኋታል በላቸው። ግሌን ሰላም ብሎሃል፤ ያልመለሰልህ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ጋራዡ ውስጥ ደህና እንደተቀመጠም ንገሪው ብሎኛል። ራስልም ባየኝ ቁጥር ስላንተ ሳይጠይቀኝ አያልፍም።

የዓሣ ማጥመዱ ወቅት ከመጀመሩ በፊት መጥተህ አባዬን እየው፤ በጣም ከስቷል። እሱ ፊት ግን እባክህ ምንም እንዳልሰማህ ሁን። ደብቄላታለሁ ብሎ ያስብ።

እህትህ ሎርና

ኦሃዮ፣ ኤፕሪል 14 ቀን 2024