ከጀርባ የሚቆለፈው ካባ

ውድ ቀጮዬ፣

ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቆይቼ ዛሬ ዓይኔን በጨው አጥቤ መጣሁ። አትቆጪ። ወይም ተቆጪ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው አንብቢው። የምነግርሽ የደስታ ወሬ ነው።

ቴአትር ቤቱ እንደተውሽው አለ። የስፌት ክፍላችን መስኮት ዛሬም ሦስት ጊዜ ካልገፉት አይከፈትም። እኔም ጠማማ ስፌት ካየሁ ዛሬም አስፈታለሁ። ልጆቹ በሌለሁበት «መቀስ» እንደሚሉኝ ሰምቻለሁ፤ ከዚህ የባሰም ይገባኝ ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ተዋንያኑን የሚያለብሱ አምስት ሴቶች በኤጀንሲ ተቀጠሩ። የሠራተኛ ማኅበራችን አባል አይደሉም፤ ደንቡ የሚቀበለው ቋሚ ሠራተኛ ብቻ ነበር። ካባ ከጀርባው እንዲቆለፍ አድርጌ እንደምሰፋ ታውቂያለሽ። ፊት ለፊት የተደረደረ ቁልፍ የንጉሥ ደረት ያበላሻል ባይ ነኝ። ስለዚህ ያለ እነዚያ ሴቶች ማንም በወጉ ለብሶ መድረክ አይወጣም። አንዱ ትዕይንት ተዘግቶ ሌላው እስኪከፈት፣ በጨለማ፣ አሥራ ስምንት ቁልፍ ይቆልፋሉ።

ባለፈው ወር ከአምስቱ አንዷ ልጇ ታሞባት አንድ ቀን ቀረች፤ ተባረረች። አራቱም «እሷ ካልተመለሰች አንገባም» ብለው ከእሷ ጋር በር ላይ ቆሙ። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ የእርስዎ ልብስ ሰፊዎች ያልብሱ።»

«የእኛ ሥራ መስፋት ነው።»

«እነዚያ እኮ የማኅበራችሁ አባል አይደሉም። እርስዎን ምን አገባዎት?»

ቀጮዬ፣ ይህንኑ ጥያቄ የዛሬ ስድስት ዓመትም ጠይቆኝ ነበር። ያኔ አንቺም አባል አልነበርሽም። የዕረፍት ቀን ስለጠየቅሽ አባርረው በር ላይ ሲያስቆሙሽ፣ እኔ ትንፍሽ ሳልል የጀመርሽውን ቀሚስ ከማሽንሽ ላይ አንስቼ ጨረስኩት። ስፌቱ ቀጥ ያለ ነበር። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀሚስ ያፈርኩበት ሥራ የለም።

«ያገባኛል» አልኩት።

ወርጄ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ለመብራት ሠራተኛው፣ ነገርኩት።

«ደንቡ አይፈቅድልንም እኮ፣ እትዬ።»

«ደንቡን በቃሌ ስይዝ አንተ ገና አልተወለድክም። የሰው ሥራ ቀምታችሁ ሥሩ የሚለው የት ገጽ ላይ ነው?»

አባላቱን ጠራ። በምሳ ሰዓት ተሰበሰብን፤ የአምስቱን ሥራ ማንም እንዳይነካ ሁሉም እጁን አወጣ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የዘወትሩ ንጉሣችን፣ ያ ሆዳም ተዋናይ፣ ካባውን ለብሶ መጣና ጀርባውን ሰጠኝ።

«እትዬ፣ በሞቴ! ሁለቷን ቁልፍ ብቻ!»

«አንዷንም።»

«ሕዝቡ ጀርባዬን ያያል እኮ!»

«እንግዲያው አትዙራ።»

አልዞረም። ግድግዳ ታክኮ ገባ። ንግሥቲቱም ቀሚሷን በአንድ እጇ ከኋላ ጨብጣ በሌላው እንባዋን ትጠርጋለች። ሕዝቡ መጀመሪያ ተንሾካሾከ፤ ቀጥሎ በሳቅ ፈነዳ። ሞት የሚፈርድበት ቦታ ሲደርስ ንጉሣችን ድንገት ቆመና ዞሮ ጀርባውን ለአዳራሹ አሳየ። የተቀደደ ካናቴራ!

«ይህን የሚቆልፉልኝ አምስት እህቶች ውጭ በር ላይ ቆመዋል» አለ። «እነሱ እስኪገቡ ድረስ አልፈርድም!»

«ይግቡ!» አሉ አንድ ሽማግሌ ከኋላ ወንበር። አዳራሹ በሙሉ ተቀበላቸው።

ሥራ አስኪያጁ ላብ አጥምቆት እየሮጠ መጣ። የመብራት ሠራተኛውን አየ፤ እኔን አየ፤ ንቅንቅ አላልንም።

«እሺ፣ ይግቡ!»

«አምስቱም?» አልኩት።

«አምስቱም አልኩ እኮ!»

በሕዝቡ መካከል አልፈው መድረክ ላይ ወጡና በሰው ሁሉ ፊት መቆለፍ ጀመሩ። ሕዝቡ ይቆጥራል፤ «አንድ! ሁለት!» የመጨረሻዋ ቁልፍ አልደርስ አለች፤ ንጉሣችን ወፍሯል። ሆዱን ወደ ውስጥ ሲስብ አዳራሹም አብሮት ትንፋሹን ዋጠ። «አሥራ ስምንት!» ጭብጨባው ሲወርድ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሰኞ ዕለት ከቴአትር ቤቱ ጋር የቅጥር ውላቸው ተፈረመ። የማኅበሩ ደንብም ተሻሻለ፤ እዚህ ቤት የሚሠራ ሁሉ፣ በማንም ይቀጠር በማን፣ አባል ይሆናል። ታዲያ አዲሶቹ አባላት መጀመሪያ ያነሡት ጥያቄ ምን መሰለሽ? ካባው ከፊት ይቆለፍ! ድምፅ ተሰጠ፤ ብቻዬን ተቃወምኩ፤ ተሸነፍኩ። ተሸንፌ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በዚያው ስብሰባ ስለ አንቺ ተናገርኩ። ስለ ቀሚሱም፣ ስለ ዝምታዬም፣ አንዳች አላስቀረሁም። ማኅበሩ ወደ ሥራሽ እንድትመለሺ ተከራክሮ አስወስኗል፤ ደብዳቤው እኔ ዘንድ ነው።

ይቅርታ በወረቀት አይጠየቅም። ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤውን ይዤ ደጃፍሽ ላይ ነኝ። አልከፍትም ካልሽም አልቀየምም፤ ውጭ መቆሙ አሁን የእኔ ተራ ነው።

ባልንጀራሽ፣
ከስፌት ክፍል