ከመቀስ በፊት አንድ ጥያቄ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎንና እንቅልፍዎን ጨምሮ ሁሉ ነገርዎ ደህና እንዲሆን፣ በተለይም በጀርባዎ ተንጋለው እንዲውሉ የሚያዝዎት ሰው እንዳይገጥምዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለችው ሱቅ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ የሰፋሁ፣ የነርሶችዎን ጋዋን የማሳጥርና የማስረዝም ሴት ነኝ። የምጽፍልዎት ግን ስለ ልጄ ነው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ነገሩን ሁለት ዓመት በሆዴ ይዤው ቆይቻለሁ።

አስቀድሜ ምስጋናዬ ይድረስዎት። ልጄ የመጀመሪያዋን በማዋለጃ ክፍልዎ ወልዳ፣ እሷም ልጇም በሕይወት ወጥተዋል። ይህን አቅልዬ አላየውም፤ የገዛ እናቴ ታናሽ ወንድሜን ቤት ውስጥ ስትወልድ ደም ፈሷት እጃችን ላይ ነው ያለፈችው። «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳይሉኝ እየፈራሁ፣ ጥቂት ነገሮችን በትሕትና ላቅርብ፦

1. ልጄ ወዲያ ወዲህ ስትል ምጡ ይቀልላት ነበር። ሆኖም በክፍሉ ደንብ መሠረት አልጋ ላይ ወጥታ በጀርባዋ እንድትተኛ ተደረገ። ደንቡ ለማን ወገብ ታስቦ እንደወጣ ብጠይቅ፣ አዋላጇ «ለእኛ እንዲመቸን ነው፣ እናቴ» ብላኛለች። ስለ ቅንነቷ አመሰግናለሁ።

2. ግድግዳው ላይ ምጥ የያዛት ሴት የአልጋ ቁጥር የሚጻፍበት፣ ስትወልድም የሚጠፋበት ሰሌዳ አለ፤ የልጄ ቁጥር ሰባት ነበር፤ ተረኞቹ ፈረቃ ሲቀያየሩ ሰሌዳውን አጽድተው ማስረከብ እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጠርላቸዋል። የልጄ ምጥ ግን ፈረቃ አያውቅም ኖሮ ዘገየ። ስለዚህ ምጥ የሚያፋጥን መድኃኒት በጠብታ ተሰጣት። ለምን እንደሆነ ስትጠይቅ «ለሁሉም የሚሰጥ ነው» ተባለች። ከዚያ በኋላ ምጡ ለትንፋሽ እንኳ ፋታ አልሰጣትም። ሰሌዳው በሰዓቱ ጸድቷልና እንኳን ደስ ያላችሁ።

3. መቀሱ። እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቅብኛል። የሕፃኑን መውጫ ለማስፋት ተብሎ ልጄ ሳትጠየቅ፣ ሳይነገራትም ተቆረጠች፤ ያወቀችው ስትሰፋ መርፌው ሲወጋት ነው። ሕፃኑ ታፍኖ ቢሆን ኖሮ መቀሱን እኔው ራሴ አቀብል ነበር። በማግስቱ ስጠይቅ ግን «ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱትን ሁሉ እንቆርጣለን» ተባልኩ። በእኔ ሙያ ደንበኛውን ሁሉ በአንድ ልክ የሚቆርጥ ሰው ሱቁ ይዘጋል። ልጄ ሁለት ወር ሙሉ ተቀምጣ ማጥባት አልቻለችም።

4. አሁን ሁለተኛዋን አርግዛለች፤ አምስት ሳምንት ቀርቷታል። «እዚያ ከምመለስ ቤቴ ብሞት ይሻለኛል» ብላለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ አለቀስኩ፤ አልሰማችኝም። እናቴን የቀበርኩ ሰው ነኝና ፈርቻለሁ። የምለምንዎት፣ ገላዋን ከመንካቱ በፊት ምን እንደሚያደርግና ለምን እንደሆነ ነግሯት፣ «እሺ» እስክትል የሚጠብቅ አንድ ሰው ነው። ለዚህ ከውጭ የሚመጣ መሣሪያ የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ይህን ቃል ከሰጡኝ እጇን ይዤ አመጣታለሁ።

ለሰሌዳዎ ንጽሕናና ለመቀስዎ ፍጥነት ያለኝን ወሰን የሌለው አክብሮት እየገለጽኩ፣ ምላሽዎን ከምጧ በፊት የምጠባበቅ፣

ከበሩ ፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ፣
የአልጋ ቁጥር ሰባት እናት

ማስታወሻ፦ ልጄ ያኔ ስትወጣ በስህተት ለብሳው የመጣችውን የሆስፒታሉን ጋዋን አጥቤ ልኬያለሁ። ማሰሪያው ተበጥሶ ስለነበር አዲስ ቀጥዬበታለሁ። የሰው ንብረት ነውና መርፌ ከማስነካቴ በፊት ዕቃ ክፍላችሁ ድረስ መጥቼ ጠየቅሁ፤ ኃላፊውም ቅጽ አስሞልቶ፣ ሁለት ቦታ አስፈርሞ ፈቀደልኝ። በሆስፒታላችሁ ጨርቅ እንኳ ያለ ፈቃድ እንደማይሰፋ በማወቄ እጅግ ደስ ብሎኛል።