አሥረኛ እንዲሆን የለመኑት ልጅ

ይድረስ ለምወድሽ፣ ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ቺናሚ፤

ለመሆኑ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ሆስፒታል ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ ስለምትውይ እማዬ በየማለዳው የምታነሳው ያንኑ ጉልበትሽን ነው። ባለቤትሽ ጋሼ ሃያቶስ ደህና ነው? ትንሿ ኮሃሩ ጥርስ አወጣች? የሳፖሮ በረዶ ጨርሶ ቀለጠ ወይስ ዛሬም በየጥጋጥጉ ተደብቋል? እኛ ካንቺ ናፍቆት በቀር ሁላችንም ደህና ነን። አያታችንን ሳሉ ለቋቸዋል፤ ቁጣው ግን አልለቀቃቸውም። እማዬ ዓሣ ማድረቂያው ቤት ውላ ስትመጣ እጇን በሎሚ እያሸች «ከቺናሚ ምን ወሬ አለ?» ትላለች። ድመቷም ደህና ናት፤ አራት ወልዳለች፣ አንዱን አያታችን በኪሞኗቸው እጅጌ ይዘውት ይዞራሉ።

«በስልክ ከ‹እሺ›ና ከ‹ደህና› ሌላ ቃል አታውቅም፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ» ብለሽ ከተቆጣሽኝ ወር አለፈ። እውነትሽን ነው፤ ስልክ ሳነሳ ምላሴ ይተሳሰራል። አሁን ግን የምነግርሽ አለኝ። ሐምሌ ላይ ኮሃሩን አዝለሽ ልታይው ስለምትመጪው ጨዋታ ነው።

ሰኔ ገብቶ ጉሙ መጥቷል። ባሕሩና ሰማዩ አንድ ሆነዋል፤ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ ይሁኑ አየር ላይ አይታወቅም። ከትምህርት ቤት መልስ ወደቡ ግንብ ዘንድ ሄጄ ኳሷን ወደ ላይ ስወረውር ጉሙ ይውጣታል። ቆሜ እጠብቃለሁ። አንዳንዴ በጣም ትቆያለች፤ ሐሳቧን ቀይራ እዚያው ቀረች ወይ እላለሁ። ከዚያ ከየት እንደ መጣች ሳላውቅ እጄ ውስጥ ጧ ትላለች። ደሴቲቱ ላይ ቤዝቦል የሚጫወት ከኔ ሌላ ስለሌለ ከጉሙ ጋር መቀባበል ለምጃለሁ። መወርወር ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ያንቺ ክንድ ከኔ ይበልጥ እንደነበር አያታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ያወራሉ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ እየሰማሁ።

ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ስድስት ተማሪ ቀርቶታል። የቤዝቦል ቡድኑ እኔ ነኝ። አምበሉ እኔ፣ ተጠባባቂው እኔ፣ ኳስ ለቃሚው እኔ። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት ሙሉ እሁድ እሁድ በጀልባ እየተሻገርኩ ከባሕር ማዶው ከሚናቶዛኪ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር የተጣመርኩት። እነሱ ሰማያዊ ለብሰው እኔ በመካከላቸው በነጭ ስቆም ከወተት የወደቀች ዝንብ ተገላቢጦሽ እመስል ነበር። አምና ቀኝ ሜዳ ላይ አቁመውኝ በሙሉ ጨዋታ ኳስ የነካሁት አንዴ ነው። ዘንድሮ ግን ትልልቆቹ ተመርቀው ወጡና ወርዋሪነቱ ለኔ ደረሰ። የመጨረሻ ዓመቴ ነው፣ እትዬ። ከሐምሌ በኋላ ለኔ ቤዝቦል የለም፤ እማዬን ላግዝ የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ ውስጥ ሥራ እገባለሁ። ስለዚህ የብርዱን ወራት በሙሉ፣ ጣቶቼ እስኪደነዝዙ፣ አንቺ በነጭ ቀለም ግንቡ ላይ የሳልሽውን አራት ማዕዘን በኳስ ስደበድብ ከረምኩ።

ሚናቶዛኪዎች ዘንድሮ ስምንት ነበሩ። ከኔ ጋር ዘጠኝ፣ ልክ አንድ ቡድን። አምበላቸው ካጂ ልበ ቅን ልጅ ነው፤ ችግሩ ቅንነቱ ከሐሳቡ ይቀድማል። «በጨዋታው ቀን የአንዳችን ሆድ ቢታመም ምን ይውጠናል? አንድ ተጠባባቂ እንፈልግ» አለና ከአዲስ ገቢዎቹ መካከል ኦጋታ የሚባል ሸንበቆ የመሰለ ልጅ ደጅ ሄደው ለመኑት። ልጁ በብሩሽ ፊደል መጻፍ እንጂ ኳስ አያውቅም። «ብትቆምልን ይበቃል» ብለው አስገቡት። አሥረኛ እንዲሆን ነው። ደንቡን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም፤ ዘጠኝ የሞላለት ትምህርት ቤት ውድድሩን ብቻውን ይገባል፣ መጣመር ለጎደለበት ብቻ ነው የተፈቀደው። ኦጋታ የገባ ዕለት ሚናቶዛኪ በራሱ ልጆች ዘጠኝ ሞላና እኔ ወጣሁ።

ካጂ ደውሎ «ኢቡኪ፣ ለሁላችን ጥሩ አደረግን ብለን አንተኑ አባረርንህ» እያለ ሲያለቅስ እኔው አባበልኩት። በማግስቱ አሰልጣኝ ሺራኢሺ ራሳቸው ባሕር ተሻግረው፣ ካስቴላ ኬክ ይዘው መጡ። በራችን ላይ ግንባራቸው ምንጣፍ እስኪነካ ጎንበስ ብለው «ያንን ልጅ ግባ ብዬ አስገብቼ፣ አሁን ውጣ ልለው አልችልም። ይቅር በለኝ» አሉኝ። እኔም «ምንም አይደለም» አልኳቸው፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሌላ ጥምር ቡድን ቢኖርም ልምምዱ የሚደረስበት በሁለት ጀልባና በሦስት አውቶቡስ ስለሆነ እሱን ማሰብም ከንቱ ነው። አያታችን ኬኩን ብቻቸውን ጨርሰው «ሰውየውስ ጥሩ ሰው ነው» አሉ። የዚያን ቀን ከቤት ወጥቼ ግንቡን እንደ ደበደብኩት ሌላ ቀን ደብድቤው አላውቅም።

ኦጋታን ጠላሁት። አልዋሽሽም። በሕልሜ ሳይቀር እየመጣ ነበር። ባሕሩ ላይ ሜዳ ተነጥፎ ዘጠኝ ልጆች ቦታ ቦታቸውን ይዘው ቆመዋል፤ እኔ ጓንቴን ይዤ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ፣ ሁሉም «ተይዟል፣ ተይዟል» ይሉኛል። ስነቃ እግሬ ይዝላል፣ እውነት ስዞር ያደርኩ ይመስል።

ባለፈው ቅዳሜ ጀልባዋ ከጉሙ ውስጥ ስትወጣ እንደ ልማዴ ግንቡ ዘንድ ነበርኩ። አንድ ረጅም ልጅ ብቻውን ወረደ። ባሕሩ አናውጦት ፊቱ የጎመን ቅጠል መስሏል። ፊት ለፊቴ መጥቶ ቆመና ለረጅም ጊዜ ጎንበስ አለ፤ አክብሮት ይሁን ሊያስመልሰው አልለየሁም።

«ጋሼ ኢቡኪ፣ ኦጋታ እባላለሁ» አለ። «ነገሩን የሰማሁት ትላንትና ነው። ማንም አልነገረኝም ነበር። እኔ ብወጣ ስምንት ይሆናሉ፣ እርስዎም ይገባሉ።» ከደረት ኪሱ ፖስታ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋልኝ። «የመልቀቂያ ደብዳቤዬ ነው። አሰልጣኙን ፊት ለፊት ማየት አልቻልኩም፤ እርስዎ ይስጡልኝ። የውድድሩ ምዝገባ የሚዘጋው ዓርብ ነው፤ እስከዚያ ከደረሰ ይበቃል ተብያለሁ።»

ተቀበልኩት። እትዬ፣ እንዴት እንደ ተቀበልኩት ብታይ ታፍሪብኛለሽ። «አይሆንም፣ ተው» ማለት የወግ ነው፤ እኔ እሱን እንኳ አላልኩም። ቀማሁት ማለት ይቀላል።

የመመለሻው ጀልባ ሁለት ሰዓት ይቀረው ነበር። ሁለታችንም ውሃውን እያየን ቆምን። ድንገት ዓይኔ ቦርሳው ላይ አረፈ፤ የጓንት ጣት አፍጥጦ ወጥቷል።

«አንተ፣ ሊተው የመጣ ሰው ጓንት ምን ይሠራለታል?» አልኩት።

ጆሮው ቀላ። «እንዲሁ... አብሮኝ መጣ፣ ጋሼ» አለ።

«በራሱ እግር?»

«ፍራሼ ሥር አድርጌ ነው የምተኛው። ቅርጽ እንዲይዝ ብለው ስለ ነገሩኝ። ጠዋት አንስቼ ቦርሳ ውስጥ ማድረግ ለምዶብኝ ነው።»

ሳልወድ ሳቄ መጣ። «በል አውጣው፣ ጊዜው ይለፍልን» አልኩትና ኳሷን ወደ ላይ ወረወርኩለት። ጉሙ ዋጣት። እሱም አፉን ከፍቶ ወደ ላይ አንጋጦ እንደ ዶሮ ጫጩት ቆመ። የመጀመሪያዋ ከኋላው ወደቀች። ሁለተኛዋ ከፊቱ። አንዷ ግንባሩን አለችውና «ይቅርታ» አለ፤ ኳሷን ይሁን እኔን አላውቅም። «አትሽሻት! ስትመጣ ትመጣለች፤ አንተ ብቻ ቦታህ ላይ ሁን» እያልኩ ስጮህ ያንቺው ድምፅ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ስንተኛው እንደሆነ አላስታውስም፣ ከጉሙ ውስጥ ቁልቁል መጥታ ጓንቱ ውስጥ ጧ አለች።

ኦጋታ አልተነቃነቀም። ጓንቱን በቀስታ ከፈት አድርጎ ወደ ውስጥ አየ። ኳሷ እዚያ አለች። ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። አሁንም አለች። ከዚያ ፊቱን ወደኔ ሲያዞር፣ እትዬ፣ ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ስድስት ዓመቴ ሳለ እዚያው ግንብ ሥር አንቺ ያየሽው ፊት ነው። «ጋሼ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም?» አለኝ። አንድ ጊዜው ሃምሳ ጊዜ ሆነ። ጀልባዋ ጡሩምባዋን ስትነፋ ሁለታችንም ከእንቅልፍ የነቃን ያህል ደነገጥን።

እየሮጠ ተሳፈረ። ጀልባዋ ከወደቡ ስትለይ ከመደገፊያው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ በሙሉ ድምፁ «ጋሼ! እሁድ ደግሞ ልምምድ ላይ...» ብሎ ጀመረና አፉ ክፍት እንደሆነ ቀረ። ትዝ አለው። እጁን ቀስ ብሎ አወረደ። ጎንበስ አለ፤ ጉሙም ከነጀልባዋ ወሰደው።

ይኸው ፖስታው ከኔ ጋር ከዋለ አራተኛ ቀኑ ነው። ትምህርት ቤት ስሄድ ኪሴ ውስጥ፣ ስበላ ጉልበቴ ሥር። አንድ እርምጃ ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሐምሌ ላይ መወርወሪያው ጉብታ ላይ ቆሜ አንቺን ከሕዝቡ መሃል ልፈልግሽ ነው። ማንም አይወቅሰኝም። ልጁ ራሱ ሰጠኝ፤ አልለመንኩት፣ አላስገደድኩት። ካጂ በደስታ ይዘላል። አሰልጣኙም ውስጥ ውስጡን እፎይ ይላሉ። ይህን ሁሉ ለራሴ ስነግረው ሰነበትኩ፤ እውነትም ነው። ፈልጌዋለሁ፣ እትዬ፤ አሁን ይህን ስጽፍልሽም እፈልገዋለሁ። ግን «እሁድ ደግሞ» ብሎ የጀመረው ልጅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። እንደ ፈሩት ይደርሳል፣ እንደ ጠሉት ይወርሳል ይባል የለ፤ የጠላሁት ልጅ ወረሰኝ።

ትላንት ልቀደው አወጣሁት። ምነው ባላወጣሁት ኖሮ! በብሩሽ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ፊደል ቆሞ የሚተነፍስ ይመስላል፤ የመጨረሻዋ መስመር ላይ ብቻ፣ «ቡድኑን እለቃለሁ» የምትለው ቃል ላይ፣ ቀለሙ ሳስቷል። ሦስት ጊዜ ይዤ ጀመርኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ እጄ እምቢ አለ። ባሕር እንዳልጥለው የኛ ባሕር የወሰደውን መልሶ ደጃችን ነው የሚያስቀምጠው። ቤት እንዳልደብቀው ዓርብ ጠዋት እንደማወጣው ራሴን አውቀዋለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ ፖስታ ቤቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ነው። ወይዘሮ ኖዛኪን «ወደ ሳፖሮ የሚሄድ ደብዳቤ መቼ ይደርሳል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ቅዳሜ። ጉሙ ከከፋ ሰኞ» አሉኝ። «በጣም ጥሩ» አልኩ። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አርባ ዓመት እዚህ ስቀመጥ ‹ዘገየ› ብሎ የተደሰተ ሰው ያየሁት ዛሬ ነው፤ አሞሃል?» አሉ። «ደህና ነኝ» አልኳቸው። ያው እንደምታውቂው፣ ሌላ ቃል አላውቅም።

ለኦጋታ ነገ እደውልለታለሁ። ሌላ ደብዳቤ እጽፋለሁ ካለ እሱንም ሳፖሮ እንደምልከው፣ ቅዳሜ ግን በመጀመሪያው ጀልባ ከነጓንቱ ወደኔ እንዲመጣ እነግረዋለሁ። ቀኝ ሜዳ ላይ ነው የሚያቆሙት፤ እዚያ ቆሜ ስለማውቅ ፀሐዩ ዓይን ሲወጋ ኳስ እንዴት እንደሚያዝ አስተምረዋለሁ። አንቺም ሐምሌ ላይ አትቅሪ። ከመቀመጫዎቹ ላይ ሆነን አብረን እንጮሃለን፤ ማልቀሴ ስለማይቀር መሐረብ ያዢልኝ።

አያታችን «ጉልበቷን በሙቅ ውሃ ትንከር» ብለዋል። እማዬ የደረቀ ዓሣ ለብቻው ልካለች፤ ለጋሼ ሃያቶ ትልልቁን ስጪው ትላለች። ጋሼ ሃያቶን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ኮሃሩን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ።

እትዬ፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ሌላው ፖስታ የኦጋታ ነው። ብትከፍቺው አይከፋኝም፤ አጻጻፉ ሊታይ ይገባዋል። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ መልሰሽ እንዳትልኪልኝ።

ወንድምሽ ኢቡኪ

ከኦኪኖሴ ደሴት፣ ናጋሳኪ
ማክሰኞ፣ ሰኔ 7 ቀን