በንጹሕ ቤት የተለካ አየር

ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአማቴ፣ ለመልካሙ እናት፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ውርጩ ዘንድሮ የገበዝ ማርያምን ገብስ እንዳልነካው ሰማሁ፤ ተመስገን። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሥርጉትስ እንዴት ታድራለች? ሳሏ በረደላት ወይ? ሌላው ሰላምታ ሁሉ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ይምጣ።

ይሄይስ፣ ወንድሜ፣ ደብዳቤውን የምታነብላቸው አንተ ነህና አደራ፣ መስመር እንዳትዘል። እናትህን የሚያስቆጣውንም አንብበው።

እናቴ፣ ተቀይሜዎታለሁ። ከብት በሚያድርባቸው ቤቶች ያለውን አየር እየለካን መሆኑን ያውቃሉ። ከእበቱና ከሽንቱ የሚነሣው፣ ዓይን የሚያቃጥለው ጋዝ አሞኒያ ይባላል። ዕጣ የወጣላቸው ጥቂት ቤቶች፣ ማሳዎችና የእበት ክምሮች ይለካሉ፤ ከዚያም ተነሥቶ የምዕራብ ጎጃም ከብትና አፈር በዓመት ወደ አየር የሚለቀው ይገመታል። ዕጣው በእርስዎ ቤት ሲወጣ ደስ ያለኝ ለጥናቱ ብዬ ብቻ አይደለም። ጋዙ የበዛበት ቤት ለበረት መሥሪያ ቆርቆሮና ምሰሶ ይሰጠዋል። ሥርጉት ከላሞቹ ተለይታ እንድትተኛልኝ ነበር የቋመጥሁት።

እርስዎ ምን አደረጉ? መለኪያዋን ከጣሪያው ሥር ሰቅዬ ሄጄ በማግስቱ ስመለስ ቤቱ ለሠርግ የተሰናዳ ይመስላል። እበቱ ተጠርጎ፣ ላሞቹ የሚታሰሩበት ጥግ አመድ ተነስንሶበት፣ ወለሉ ትኩስ ሣር ተጎዝጉዞበት። ምነው ብልዎት፣ እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም ወይ አሉኝ። ጎረቤቶችዎም እንደዚሁ ናቸው። ለዚያች ሣጥን ክብር ሲል አገሩ ሁሉ መጥረጊያ ይዞ ተነሥቷል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅሁ።

ውጤቱ ሲመጣ የእርስዎ ቤት አየር ከአንድ የከተማ ሻይ ቤት ይልቅ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ቁጥሩን አይቶ ይህ ቤት እርዳታ አያሻውም አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንዴ ከተጻፈ ማን ይፍቀዋል? ሥርጉትን ቡሬ ወስጄ ያሳየኋት ሐኪም ግን የምትተነፍሰው አየር ካልተለወጠ መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም ብሎኛል። ወስጄ ከእኔ ጋር እንዳላኖራት፣ የእኔ ሥራ ከገጠር ገጠር መዞር ነው። ደረቷ ሲያፏጭ እኔ ስመጣ እሰማዋለሁ፤ እርስዎ በየሌሊቱ ይሰሙታል።

መጀመሪያ እበትዎ እንዳይታይብዎ ያፈሩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ከብቱ ከቤት ይውጣ ይባላል። ከወጣ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂው ደግሞ ይሄይስ ነው። ከብት ሊነዱ የመጡት ሰዎች መልካሙን በረቱ አፍ ላይ ከገደሉት ወዲህ ላሞቹን ወደ ቤት ያስገቡት እርስዎ ነዎት፤ እኔም ያን ጊዜ ደግ አደረጉ ብያለሁ። መልካሙን ውጣና እያቸው ያልሁት እኔ ነኝ እያሉ ብቻዎን እንደሚያለቅሱም አውቃለሁ። እናቴ፣ ባሌን የገደሉት ገዳዮቹ ናቸው። እኔ እርስዎን በልቤ እንኳ ከስሼዎት አላውቅም።

ነገር ግን ይሄይስን ለማትረፍ ሲሉ የመልካሙን ልጅ እያሳጡኝ ነው። ይህን መጻፍ ከብዶኛል። ካልጻፍሁት ደግሞ እኔም እናት አይደለሁም።

አዲሱ በረት ከቤቱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ በሩ በጓዳዎ በኩል እንዲሆን አለቃዬን ለመንሁት። እንደዚያ ከሆነ ማንም ውጭ አያድርም። ንድፉ እንዲህ አይልም አለኝ፤ እንቢ ግን አላለም። ቁጥሩ ካላገዘኝ በምን አፌ እከራከረዋለሁ? ለምኜ ስላስፈቀድሁ ረቡዕ እንደገና እንለካለን፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕድል የለም። ላሞቹ እንደ ወትሮው ከቤት ይደሩ። እበቱ ባለበት ይቆይ። ሥርጉት አንድ ሌሊት ደግሞ ታስላለች፤ ይህን የምለው አንጀቴ እየተቆረጠ ነው።

አንድ ነገር ይቀረኛል። መለኪያዋን ላወርድ በመጣሁ ጠዋት ከጓሮ ዞሬ ነበር። የድሮው በረት ውስጥ ትኩስ እበት አየሁ፤ ላሞቹ ያን ሌሊት ያደሩት እዚያ ነው። ይሄይስን አንተ ነህ የጠበቅሃቸው ብዬ ጠየቅሁት። እርሱ ከሥርጉት አጠገብ እንቅልፍ ወስዶት እንዳደረ፣ ላሞቹ መውጣታቸውንም እንዳልሰማ ማለልኝ። አመንሁት። ከበረቱ አፍ፣ መልካሙ ከወደቀበት ድንጋይ ላይ፣ ጋቢዎን አገኘሁት። ውርጭ ጠጥቶ ከብዷል። አምጥቼ ከምድጃው አጠገብ ሰቀልሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም። ይሄይስም ገና አሁን ማወቁ ነው።

ረቡዕ እኔም እዚያው አድራለሁ። መኝታዬን ከበሩ ሥር ያንጥፉልኝ፤ እኔን ሳይረግጡ አይወጡም።

እግዚአብሔር እርስዎን ለሥርጉት፣ ሥርጉትን ለሁላችን ያኑርልን። ጉልበትዎን እስማለሁ።

የመልካሙ ሚስት፣ ልጅዎ