ከአረቄው ይሻላል

ኅዳር 4 ቀን 2017፣ ረቡዕ

ዝናቡ ያበቃ መሰለኝ። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ። ፀጉር ቤቱን ከሸሪኬ ከህሊና ቀድሜ ከፈትኩ። ሁለት ሹሩባ፣ አንድ ካስክ፣ አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ፀጉሯን ተኩሼ ሸኘሁ። ከሰዓት ድካም ሲጫጫነኝ ህሊና ከፊት ለፊት ሱቅ አንድ ጣሳ የኢነርጂ መጠጥ አመጣችልኝ። ቀዝቃዛ። ጠጣሁት። እጄም ፈጠነ፣ አፌም ፈጠነ። ደንበኞቹን ሳስቃቸው ዋልኩ። አረቄ ለመተው ጅማ ታክሜ ከተመለስኩ ወዲህ እንዲህ ስቄ አላውቅም።

"ከአረቄው ይሻላል" አለች ህሊና። ይሻላል እንጂ!

ቤት ስገባ ግን አንድ ነገር አየሁ። ጠዋት ሻይ የጠጣሁበትን ኩባያ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ነበር የወጣሁት። ቀኖ አጥቦ ደፍቶታል። ባሌ ኩባያ አጥቦ ያውቃል? ከተጋባን አይቼ አላውቅም። ዛሬ ምን ነካው?

ኅዳር 9

የቀኖ ታላቅ እህት፣ እትዬ ኡርጌ፣ ከሁሩሙ መጡ። "ቢሊሴን በመጠበቅ ላግዝሽ ብዬ ነው" አሉኝ። ልጄ ቢሊሴ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ከጎረቤት ልጆች ጋር ሄዳ ትመጣለች። ምኑን ነው የሚያግዙኝ? ደግሞ አሁን ቡና የሚለቀምበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ማሳውን ትቶ መቱ መጥቶ የሚቀመጥ የሁሩሙ ሰው ማን አለ? ያውም ልብሳቸውን ሁሉ ይዘው...

ቀኖን ጠየቅኩት። "እህቴ ናት። ናፍቀናት መጣች። ምን አለበት?" አለኝ። ዓይኑን ግን አላገኘሁትም።

ኅዳር 16

እንቅልፍ የለም። ጠዋት ለመንቃት አንድ ጣሳ ኢነርጂ፣ ከምሳ በኋላ አንድ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ... ጎረቤት ቡና ሲጠሩኝም አልቀርም። መጠጥ በመተዌ ሁሉም ደስ ብሏቸዋል። "ጠጪ፣ ይሄ አያሰክርም!" እያሉ ይሞሉልኛል። ምግብ አስጠልቶኛል። ሰው የነቢያትን ጾም የያዝኩ ይመስለዋል። ይምሰለው።

አንዳንዴ ቁጭ ባልኩበት ልቤ ይሮጣል። ያልፋል መቼም። ጅማ እያለሁ "ሰውነትሽ እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል" ብለውኝ የለ?

እትዬ ኡርጌ አልሄዱም።

ኅዳር 23

አየሁት። በዓይኔ አየሁት!

ስልኬን ረስቼ ከመንገድ ተመለስኩ። በመስኮቱ በኩል ሳልፍ ቀኖ የኔን ኩባያ አንስቶ አሸተተ። ቆም አለና ደግሞ አሸተተ። ከዚያ አጠበው። ስገባ ደነገጠ።

"ምን ረሳሽ?"

"ስልክ።"

ስልኬን ይዤ ወጣሁ። ጅማ ከተኛሁበት ቀን ጀምሮ አንዲት ጠብታ አልነካሁም። ከጠረጠረኝ ለምን አይጠይቀኝም? ወይስ እንዲገኝብኝ ነው የሚፈልገው? ቀኑን ሙሉ ይሄው ሲዞርብኝ ዋለ። ደንበኛ "ቀስ በይ፣ አመመኝ" ስትለኝ ነው ፀጉሯን እየጎተትኩ መሆኔን ያወቅኩት።

ታኅሣሥ 2

እትዬ ኡርጌ ጓሮ ቆመው በስልክ ያወሩ ነበር። ልብስ ላሰጣ ስወጣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። መቱ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ኦሮምኛ አያመልጠኝም። "ዹግ..." ሲሉ ሰማሁ። የመጠጣት ነገር ነው። ቀሪውን ዋጡት። ጠጣች ነው ያሉት? ለማን ነው የሚያወሩት?

ሲመሻሽ ቢሊሴ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች።

"እማዬ፣ ሁሩሙ አያቴ ጋ ልኖር ነው?"

"ማን አለሽ?"

"ማንም።"

ልጅ ይህን ከራሷ ታመጣዋለች? አታመጣውም። ልጄን ሊወስዱብኝ ነው። ኩባያ ማሽተቱም፣ የሴትዮዋ መምጣትም ለዚሁ ነው። ማስረጃ እየፈለጉ ነው።

እኔም ዝም ብዬ አያቸዋለሁ።

ታኅሣሥ 11

የኢነርጂው ጣዕም የተለወጠ መሰለኝ። መረር አለኝ። ህሊና ሁልጊዜ ከፍታ ነው የምታመጣልኝ። ለምን ከፍታ? አንድ ነገር ጠብ ቢያደርጉበትስ? ጥቂት አረቄ... እንድጀምር። ህሊና ግን ለምን ብላ? ገንዘብ አብረን ነው ያዋጣነው፣ ቤቱን አብረን ነው የከፈትነው። ወይስ ቤቱን ለብቻዋ ፈልጋው ነው? ቀኖ አናግሯት ቢሆንስ?

ዛሬ ራሴ ሄጄ ከሌላ ሱቅ ገዛሁ። ራሴ ከፈትኩት። ከመጠጣቴ በፊት አሸተትኩት። ይኸው እኔም እንደ ቀኖ ሆንኩ። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ አለቀስኩ።

"ምን ሆንሽ ጌሊዬ?" አለችኝ ህሊና።

"ጭሱ ነው" አልኳት። የፀጉር ካውያው ጭስ።

ታኅሣሥ 19

እጄ ይንቀጠቀጣል። የሹሩባው መስመር ተጣመመብኝ። ደንበኛዋ በመስታወቱ ውስጥ እጄን እያየች ነበር። ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም ስልኳ ላይ አቀረቀረች። አንድ ጣሳ ብጨምር ይረጋጋ ይሆናል።

ታኅሣሥ 27

ትናንትም አልተኛሁም። በር በተንኳኳ ቁጥር የመጡብኝ ይመስለኛል። እነማን? እኔም አላውቅም።

ጥር 6

እጄ ብዕር የያዘልኝ ገና ዛሬ ነው። የእሑዱን ልጻፈው።

ሙሽራ ነበረችን። ከጠዋት ጀምሮ ባዶ ሆዴን ነኝ። ጣሳ በጣሳ ላይ። ሚዜዎቹ ይዘፍናሉ፣ እናቷ "ቶሎ በሉ" ይላሉ፣ መኪናው ውጭ ጥሩምባውን ይነፋል። ካውያውን ይዤ ከጆሮዋ ጀርባ ስደርስ እጄ አመለጠኝ። ጮኸች። አንገቷ ቀላ፣ ወዲያው አበጠ። በሠርጓ ቀን!

እናቷ ተነሥተው አገጬን ያዙኝ። ያ ሁሉ ሰው እያየ አፌን አሸተቱኝ።

"ጠጥታለች! ድሮም ነግረውኝ ነበር!"

"አልጠጣሁም እማማ። ኢነርጂ ነው።"

"ታዲያ ምን ያንቀጠቅጥሻል?"

ህሊናን አየኋት። ምን ስጠጣ እንደዋልኩ ታውቃለች። ባዶ ጣሳዎቹ እግሯ ሥር ናቸው። አንድ ቃል ትናገርልኛለች ብዬ ጠበቅኩ። የሙሽራዋ አንገት ላይ ቅባት ትቀባለች። አቀርቅራ ትቀባለች...

ሽርጤን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። መናኸሪያ ስደርስ እዚሁ አቅራቢያችን ላለችው ቡሬ የሚሄድ ሚኒባስ ሊወጣ ነበር። ገባሁ። ለምን ቡሬ? የሚያውቀኝ ስለሌለ። ሳልጠጣ ጠጣች ካሉኝ፣ ጠጥቼ ቢሉኝ ምን ይቀርብኛል? መንገዱን ሙሉ ይሄንኑ ነበር የምለው።

አረቄ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ ሴትዮ ቀዱልኝ። ብርጭቆው ፊቴ ተቀመጠ። ሽታውን ሳልረሳው ኖሬያለሁ ለካ። እጄን ስዘረጋ ልቤ ደረቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ። ጣቶቼ ደነዘዙ። አየር አጠረኝ። ሞትኩ አልኩ። ብርጭቆውን በየት በኩል እንደገፋሁት አላውቅም፤ አረቄው ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ አልተቆጡም። ደግፈው ባጃጅ ላይ አስገቡኝና ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ።

ነርሷ ሲስተር ዲንቄ ትባላለች። በዕድሜ ከኔ አትበልጥም። እጄን ይዛ፣

"ምን ጠጣሽ?" አለችኝ።

"አልጠጣሁም! አልጠጣሁም አልኩ እኮ!"

"አረቄ አላልኩሽም። ምን ጠጣሽ ነው ያልኩሽ። ቡናም ይሁን ሻይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ያለውን ንገሪኝ።"

ነገርኳት። ጣሳዎቹን፣ የጎረቤት ቡናውን፣ አለመተኛቴን። ኩባያውንም፣ ልጄንም፣ የጠረጠርኩትን ሁሉ። አልሳቀችም።

"ቡናውም ጣሳውም ውስጥ ያለው ያው ካፌይን ነው" አለችኝ። "መጠጥ የተወ ሰው ብዙ ጊዜ በሱ ሊተካ ይሞክራል። ሲበዛ ልብ ያስሮጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ፍርሃት ይጨምራል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ሁሉን ይጠረጥራል። አረቄ አልነካሽም፣ አምንሻለሁ። ግን ይሄም እየጎዳሽ ነው።"

አምንሻለሁ። ይህን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ?

ቀኖና እትዬ ኡርጌ አመሻሽ ላይ ደረሱ። ጤና ጣቢያው ነው የደወለላቸው። ቀኖ "ማል ታቴ? ምን ሆንሽብኝ?" እያለ ወደ ፊቴ ጎንበስ ሲል፣ "አሽት" አልኩት። ፊቱ ላይ ተነፈስኩበት። ከዚያ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። አባቱ ሲሞቱ እንኳ ሰው ፊት አላለቀሰም።

"ኩባያሽን አሸት ነበር" አለኝ። "ብጠይቅሽ ትቀየሚኛለሽ። አትተኚ፣ አትበዪ፣ ትንቀጠቀጫለሽ... ምን ልበል?"

"ልጄንስ?"

የመለሱልኝ እትዬ ኡርጌ ናቸው።

"ተነጋግረናል። ከጠጣሽ ልንወስዳት ነበር፤ አልዋሽሽም። እናታችን በየቀኑ እየደወለች ትጠይቀኛለች። እኔም 'ሂን ዹግኔ፣ አልጠጣችም' እላታለሁ። ባይሽ ባይሽ አልጠጣሽም። ግን ደህናም አልነበርሽም። ምን እንደሆንሽ ግራ ገባን።"

ስለዚህ የጠረጠርኩት ሁሉ ቅዠት አልነበረም ማለት ነው። ግማሹ እውነት ነው። የትኛው የኔ ነው፣ የትኛው የጣሳው? እንዴት አድርጌ ልለየው?

ጥር 9

ራሴን ይፈልጠኛል። ለብርሃን ዓይኔን መክፈት አቃተኝ። ሲስተር ዲንቄ "ባንዴ አትተዪው፣ እየቀነስሽ ውጪ" ብላለች። ጣሳው ግማሽ፣ ቡና ጠዋት አንድ ስኒ። ልቤን መቱ ሆስፒታል አይተውታል፣ ደህና ነው።

ጎረቤት ሁለተኛ ሊቀዱልኝ ሲሉ ስኒውን በእጄ ከደንኩት። "ተቀየምሽን እንዴ?" አሉኝ። አረቄ እምቢ ስል አጨብጭበውልኝ ነበር። ቡና እምቢ ማለት ለካ ይብሳል።

ጥር 17

ህሊና መጣች። በር ላይ ቆማ አልገባም አለች። እኔም ግቢ አላልኳትም።

"ለምን ዝም አልሽ?" አልኳት።

"ፈራሁ። ኢነርጂውን ያስለመድኩሽ እኔ ነኝ። ብናገር 'አንቺ ነሽ ያበላሸሻት' ይሉኛል ብዬ..."

"እኔ ደግሞ አረቄ የምትጨምሪብኝ መስሎኝ ነበር።"

አፏን በእጇ ያዘች። "እኔ? እኔ ጌሊዬ?" ሳቅ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፣ እየሳቀች አለቀሰች። ይቅር አላልኳትም ግን። ገና ነኝ። "የሙሽራዋ እናት ቤት አብረሽኝ ሂጂና ያየሽውን ተናገሪ" አልኳት።

ሄድን። ሴትዮዋ ግቡም አላሉን። በሩን ገርበብ አድርገው ሰሙን። ህሊና ድምጿ እየተንቀጠቀጠ ሁሉንም ተናገረች። እኔ ለልጃቸው ጠባሳ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሱ የኔ ጥፋት ነው፣ ሌላ ማንም አላቃጠላትም። አመኑን? አላውቅም። "እሺ፣ ሰምቻለሁ" ብለው ዘጉት።

ስንመለስ ቀለለኝ። ቢያምኑም ባያምኑም።

ጥር 26

ትናንት እራቴን በልቼ ተኛሁ። በቃ ተኛሁ። የቀሰቀሰችኝ ቢሊሴ ናት፣ ትምህርት ቤት ረፍዶባት እያለቀሰች። ቀኖ ሊቀሰቅሰኝ መጥቶ፣ አሳዝኜው ቆሞ ሲያየኝ ነበር አሉ።

ከሰዓት ካውያውን ያዝኩ። ህሊና አጠገቤ ቆመች። እየተቆጣጠረችኝ ነው ወይስ እያገዘችኝ? አልኩ በልቤ። ይሄ ሐሳብ አሁንም ይመጣል። ሲመጣ በመጀመሪያ "ተኝተሻል? በልተሻል?" ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ከዚያ እሷን ጠየቅኳት። "እየተቆጣጠርኩሽ ነው" አለችኝ። እውነቱን በመናገሯ ደስ አለኝ።

የካቲት 1

እትዬ ኡርጌ ወደ ሁሩሙ ተመለሱ። ቡናቸውን ሰው ነው የለቀመላቸው፤ በኔ ምክንያት። አንድም ቀን አላነሱብኝም።

የቢሊሴ ትምህርት ቤት ለአጋማሽ ዓመት ተዘግቷል። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "እስኪከፈት ከእርስዎ ጋር ትሂድ፣ አያቷንም ትይ" አልኳቸው። ቀኖ መናኸሪያ ድረስ ሳያምን ነው የመጣው።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ።

"አይደለሁም" አልኩት። "ግን ትሂድ።"

ሚኒባሱ ሊነሳ ሲል እግሬ ወደ በሩ ሊሄድ ነበር። ባይመልሱልኝስ? ይዤ ላውርዳት? ቢሊሴ መስኮቱ ላይ አፍንጫዋን ለጥፋ እጇን አወዛወዘችልኝ። ቆምኩ። ሄዱ።

አመሻሽ ላይ ደወልኩ። እትዬ ኡርጌ አነሱት፣ ደርሰዋል፣ በልተዋል። ከኋላቸው ቢሊሴና አያቷ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባብለው ሲስቁ ተሰማኝ። ስለ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም። "በሉ ደህና እደሩ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁት።